ታፔላው ለማን ነው?

አማርኛ አንዳንዴ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ይሰጥና ዝም ይላል። ልዩነቱን እናንተው ፈልጉት ብሎ ለእኛ ይተወዋል። «ፈቃድ» የሚለው ቃል ከነዚህ አንዱ ነው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ» ስንል መሻትን ማለታችን ነው። «ንግድ ፈቃድ አለህ ወይ?» ስንባል ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እናወጣለን። ከግእዙ «ፈቀደ» ከተነሣን የቃሉ ሥር መውደድና መሻት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በሱቁ በር ላይ ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ የማንን መሻት ነው የሚጠይቀው? የራሱማ መሻት ከራሱ ጋር አለ፤ ባይሻ መች ይሄድ ነበር?

ይህን ጥያቄ ድሮ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ቢያነሡልኝ ኖሮ፣ ጠመኔዬን ይዤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እለፈልፍበት ነበር። መምህር ወሬ አይቸግረውም። መልሱን ያገኘሁት ግን በ2013 ዓ.ም. በአንድ ቢሮ ኮሪደር ላይ፣ አፌንና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ስጠብቅ ነው። ያገኘሁትም ፈተናውን አልፌ ሳይሆን ወድቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ከአሥር ዓመት በላይ ፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያ በኩል፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ በጠራራ ቀን መብራት አብርታ ስትሰፋ ኖረች። ዓይኗ ደከመ። በዚያ ዓመት እዚያው ሰፈር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቤት አግኝታ ተከራየች። ደስታዋን ባያችሁ! «ጋሼ፣ እስቲ ስም አውጣልኝ፤ አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ» አለችኝ። እኔም ሦስት ቀን ሰምና ወርቅ ሳማርጥ ከርሜ አንድ ገጽ ሙሉ ስም ይዤላት ሄድኩ። አንዱንም አልወደደችውም። በመጨረሻ መስኮቱን በጣቷ አሳየችኝና «ለምን ፀሐይ አንለውም?» አለች። በቃ፣ «ፀሐይ ልብስ ስፌት» ሆነ። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ የእኔ ድርሻ አጨብጭቤ መቀበል ነበር።

ታፔላ ሠሪው ልምድ ያለው ሰው ነው። «እህቴ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን አምጪ። ሳይፈቀድልሽ ሰቅለሽ መጥተው ቢያወርዱት እኔ የለሁበትም» አላት። የሚያስፈልገው ተነገረን፤ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የታፔላው ንድፍ ከነቁመቱና ከነወርዱ፣ የሚሰቀልበት ግድግዳ ፎቶግራፍ። አማርኛው ከላይ ይሆናል፤ የውጭ ቋንቋ ካለ ከታች። ክፍያው በካሬ ሜትር ይታሰባል። ይሁን። እስከዚህ ድረስ የሚያስቀይም ነገር የለም።

ችግሩ የመጣው ከፊደል ነው። ንግድ ፈቃዱን ኮምፒዩተር ላይ የጻፈው ሰው «ጸሃይ» ብሎት ኖሯል። እኛ ደግሞ ንድፉ ላይ «ፀሐይ» ብለናል። አንዱ መስኮት «ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ካልተጻፈ አንቀበልም» አለን። የታፔላ ጽሑፍ የሚያርመው ሌላ ክፍል ደግሞ ንግድ ፈቃዱን አይቶ «ይሄማ ስሕተት ነው፤ ፀሐይ በፀሐዩ ‹ፀ› እና በሐመሩ ‹ሐ› ነው» ብሎ መለሰን። በሁለት ፀሐይ መካከል ቆመን ቀረን። የአክስቴ ልጅ ግራ ገብቷት «ጋሼ፣ ፀሐይዋ አንድ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ስለ ሞክሼ ፊደላት ስከራከር የኖርኩት ሰውዬ መልስ አጣሁ።

ሦስት ቀን ተመላለስን። እሷ ሱቋን ዘግታ፣ የሰው ቀሚስ በእንጥልጥል ትታ። በሦስተኛው ቀን ተናደድኩ። የተከራየችው ቤት፣ ያወጣችው ስም፣ የለፋችበት ገንዘብ! ከተማው ምን አገባው?

ንዴት ግን መልስ አይሆንም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ከተማው አገባው። ግድግዳው ምንም የአከራይ፣ ሱቁ ምንም የተከራይ ቢሆን፣ ከፊቱ ያለው መንገድ የሁላችንም ነው። የመንገደኛ ዓይን ደግሞ የማንም ንብረት አይደለም። መጽሐፍ ቢሰለቸኝ እዘጋዋለሁ፤ ሬዲዮ ቢረብሸኝ አጠፋዋለሁ። ታፔላን ግን ምን አደርገዋለሁ? ፊደል የቆጠረ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ጽሑፍ ላለማንበብ አይችልም። ሳይፈልግ ያነበዋል። ያንን መንገደኛ «ላናግርህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ስለዚህ በእሱ ፋንታ የሚጠየቅ አንድ አካል መኖሩ ተገቢ ነው።

ሌላውም ዓለም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስና ለንደን፣ ከየሱቁ ወደ መንገድ ወጥተው የሚንጠለጠሉ ከባድ ታፔላዎች ብርሃንና አየር ስለከለከሉ፣ ለመንገደኛም ስላሰጉ፣ ከግድግዳ ጋር ተለጥፈው እንዲሰቀሉ አዘዋል። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ከነጭራሹ ከልክላ የሱቅ ታፔላንም በልክ አድርጋለች። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ ሕጎች ሊጠብቁት የሚሞክሩት ያንኑ ማንም ያልጠየቀውን መንገደኛ ነው።

ፒያሳ ደግሞ ይህን ከሌላው ሰፈር ይልቅ ታውቀዋለች። «ፒያሳ» የሚለው ስም ጣሊያንኛ ነው፤ «ታፔላ»ም እንዲሁ ከጣሊያንኛው «ታቤላ» የመጣ ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ሄደ። የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛውሮ መርካቶን ያስጀመረውም በዚያችው አምስት ዓመት ውስጥ ነው። ስሞቹ ግን እዚሁ ቀሩ። አጼውን ያወረደው አብዮት ካለፈም በኋላ ሰዉ «አምፒር» ማለቱን አልተወም። የማሕሙድን ሙዚቃ ቤት ደግሞ አስቡት። ከዚያ ቤት አንድ ካሴት እንኳ ገዝቶ የማያውቅ ስንቱ ጎረምሳ ነው «ማሕሙድ ጋ እንገናኝ» ብሎ የተቀጣጠረው? ያ ታፔላ ሲሰቀል ለነጋዴው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የከተማው ሆነ። ባለቤቱ ሰቀለው፣ መንገደኛው ወረሰው።

እኔ ራሴ ንባብን የተለማመድኩት እዚያው ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስንወርድ፣ የየሱቁን ታፔላ ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዘኝ ነበር። ወርቅ ቤቱን፣ ፎቶ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን። ስሳሳት ይቆምና አስደግሞኝ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ አስቡት፤ ያኔ ታፔላው ላይ የተሳሳተ ፊደል ቢኖር ኖሮ ያንኑ ስሕተት ይዤ ነበር የማድገው። ስለዚህ «ፀሐይን አስተካክሉ» ያለን ሰው ልክ ነው። ያንን ጽሑፍ እያነበበ የሚያልፍ ሕፃን አለ። «ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ካልሆነ» ያለን ሰውስ? እሱ የሚጠብቀው ሕፃኑን አይደለም፤ ሽማግሌውንም አይደለም። ፋይሉን ነው። ሁለቱም «አይሆንም» አሉን፤ አንዱ «አይሆንም» ግን ለመንገደኛው የተባለ ነው፣ ሌላው ለመሳቢያው።

ይኸው መለኪያው ተገኘ አልኩ። ከተማው ፈቃድ ሲጠይቀን የራሱን መሻት እንድንለምን አይደለም። የዚያን የማናውቀውን፣ የሚያልፈውን ሰው መሻት ወክሎ ነው መጠየቅ ያለበት። እሱን ሲያስታውስ ፈቃዱ ፈቃድ ነው። እሱን ሲረሳ ግን ልመና ይሆናል። ይህን አግኝቼ ወንበሩ ላይ ሆኜ በልቤ ፈገግ ስል ነው አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ያናገሩኝ።

ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። «ሰዓት እናድሳለን» የሚል ታፔላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰቅለው ኖረዋል። አሁን «ፈቃድ አምጣ» ተባሉ። ያለችው ታፔላ መቼና በማን እንደተፈቀደች የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ቢሮ በፊት እዚያ ነበርኩ» አሉኝ እየሳቁ። አራተኛ ቀናቸው ነው። እኔም ለማጽናናት ያህል «አባባ፣ ደንበኛዎ ሁሉ ያውቅዎት የለም እንዴ? ታፔላውስ ቢቀር?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። «የሚያውቀኝ ሰውማ ታፔላ ምን ያደርግለታል?» አሉ። «ዓይኑን ጨፍኖ ይመጣል። ታፔላ ለማያውቀኝ ሰው ነው።»

አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሊያወራበት የነበረው መምህር አፉን ያዘ። እውነት ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት የገጠር መንደር ማን ታፔላ ይሰቅላል? አንጥረኛው ማን እንደሆነ፣ ሸማኔው የት እንደሚገኝ ልጁም ያውቀዋል። ታፔላ የሚያስፈልገው ማንም ማንን በማያውቅበት ቦታ ነው። ታፔላ መስቀል ማለት ለማናውቀው ሰው «ግባ፣ እዚህ አለሁ፣ ሥራዬ ይህ ነው» ማለት ነው። ከተማ የሚባለውም ይኸው ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተማምነው የሚኖሩበት ስፍራ።

ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ በሩ ተከፈተ። አንድ ጎልማሳ ብቅ አለና «መምህር!» ብሎ ጮኸ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ማስክ አድርጌም በዓይኔ ለየኝ። ክፍል ውስጥ ነጥብ እንዴት እንደቀነስኩበት አልረሳም፤ «እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹ጸ›ንና ‹ፀ›ን አምታታህ ብለው የቀነሱብኝ?» አለኝ እየሳቀ። ጽሑፋችንን ያረመውም እሱ ኖሯል። ያስተማርኩት ዞሮ መጣብኝ ማለት ነው። ወዲያው እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባን። ወንበር ሰጠን። ስልክ አነሣ፣ ለዚያኛው መስኮት አስረዳ፣ አንዲት ማስታወሻ ጽፎ አያያዘ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሦስት ቀን የፈጀብን ነገር ሻይ ጠጥቶ በማይጨረስበት ጊዜ ተፈጸመ።

ስንወጣ ሽማግሌው እዚያው ናቸው። «ቀናችሁ ልጄ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«እንኳን ቀናችሁ!» ብለው መረቁን። እኔም አመስግኜ ደረጃውን ወረድኩ።

የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ደረጃውን ስወርድ አልታወቀኝም። ጊዮርጊስ አጠገብ ስንደርስ፣ የአክስቴ ልጅ በደስታ ስለ ታፔላው ቀለም ስታወራ ነው ድንገት የተሰማኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለማናውቀው ሰው ክብር በልቤ ስፈላሰፍ የነበርኩት እኔው ነኝ። የማላውቀው ሰው ግን በመንገድ ላይ አልነበረም፤ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ወረፋውን ረግጬበት አለፍኩ፤ ያውም ምርቃቱን ተቀብዬ።

አንባቢዬ «ታዲያ ምን ታደርግ?» ይለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የአክስቴን ልጅ «አንቺ ተመለሺና ነገ ነይ» ልላት ነው? ሱቋ ከተዘጋ ሦስት ቀን ሆኖታል። እኔ እምቢ ብል ኖሮ ሽማግሌው በዚያ ቀን ያልቅላቸው ነበር? ምናልባት አያልቅላቸውም ነበር። ተማሪዬስ ምን አጠፋ? መምህሩን አከበረ። መምህሩን ያላከበረ ተማሪ የሚመሰገንበት አገር አይደለም ያለነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን አላጽናናኝም። ምክንያቱም ከእኔ የሚፈለገው ትልቅ መሥዋዕትነት አልነበረም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ልጄ፣ እኚህ አባት ከእኛ በፊት ናቸው፤ የእሳቸውንም እይላቸው።» ይህችን ለማለት ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ተማሪዬም እሺ ባለኝ ነበር። አላልኩም። ያላልኩትም ከክፋት አይደለም፤ ትዝ ስላላሉኝ ነው። በሩ ሲከፈትልኝ ከኋላዬ ያለው ሰው ጠፋብኝ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል ተረት አለን። ስናወራው ያስቀናል፤ ሲሠራበት ግን ኮሪደር ላይ የሚቀር ሽማግሌ ያፈራል። እኛ የምናውቀውን ሰው ማክበር እናውቅበታለን። ለዘመድ እንነሣለን፣ ለመምህር ወንበር እንለቃለን፣ ለጎረቤት ለቅሶ ሥራ ጥለን እንሄዳለን። ጉዳችን ያለው ከማናውቀው ሰው ጋር ነው። ቢሮን የምንወቅሰው በሩ ሲዘጋብን ብቻ ነው፤ ሲከፈትልን «ጥሩ ሰው አጋጠመን» እንላለን። ያ ጥሩ ሰው ለእኛ ጥሩ የሆነው ስለሚያውቀን እንደሆነ፣ ለማያውቀው ደግሞ ያው በር እንደሆነ አንጠይቅም።

ታፔላው ተሰቀለ። ቢጫ መደብ ላይ በቀይ ጽሑፍ፣ «ፀሐይ» በፀሐዩ «ፀ»። ሦስት ዓመት ያህል አገለገለ። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉት የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእሷም ቤት ፈረሰ። ቤቶቹ ያረጁ ነበሩ፤ አዲሱ ነገር ለከተማዋ ምን ይዞ ይመጣል የሚለውን ሌላ ቀን እንነጋገርበት። ዛሬ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። መፍቻ ይዛ ታፔላዋን ራሷ አወረደችው። የስፌት መኪናዋን ጭና፣ ያልተጨረሰውን የሰው ልብስ በማዳበሪያ አሥራ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ከአንድ ካርቶን ላይ ክዳኑን ቀደደችና በስክሪብቶ አድምቃ ስልኳን ጻፈችበት። ከሥሩ «ልብሳችሁ እኔ ጋ አለ፤ ደውሉ» አለች። ገና ካልፈረሰ ግድግዳ ላይ በሚስማር መታችው።

ልኩ አልተለካም። ንድፍ የለውም። ፊደሉን ያረመው የለም፤ ማኅተምም የለውም። ያለፈቃድ የሰቀለችው ብቸኛ ታፔላ እሱ ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ታፔላዎች ሁሉ ሥራውን በደንብ ያወቀው እሱ ይመስለኛል። ሰው መጥቶ ቤቱን ሲያጣ፣ አቧራ ላይ ቆሞ ግራ ሲገባው የሚሆነውን አስቀድማ አስባለታለች። ፈቃድ ሰጪውም ፈቃድ ጠያቂውም ሊያስቡት የሚገባው ያንን ሰው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ሲጮኽ ከረመ። ሁሉም ልብሱን አገኘ።

ሰዓት ጠጋኙን ፈልጌያቸው ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ ሱቃቸው በየትኛው መታጠፊያ እንደነበርም አላውቅም። «ሰዓት እናድሳለን የሚል ታፔላ» እያልኩ ስጠይቅ ሰዉ «የቱ?» ይለኛል። ብዙ ነበራ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ከከተማዋ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። እዚያ የሚያውቃት የለም፤ ስለዚህ ታፔላው ከመቼውም ይልቅ ያስፈልጋታል። «ጋሼ፣ እዚህም ፈቃድ አለው አሉ፤ አብረኸኝ ሂድ፤ ምናልባት ተማሪህ አይጠፋም» አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ። ቁጥራችን ሃያ ሦስት ነበር። ከፊታችን ያሉትን ሁሉ «ታፔላዎ ምን ይላል?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። አንዷ ዳቦ ቤት ናት፤ አንዱ ብረት በያጅ፤ አንዲት ወጣት ደግሞ ፀጉር ቤት፣ ስሙን ገና አልወሰነችም። የማውቀው ሰው በበሩ ብቅ ይል ይሆን እያልኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፎ አልፎ ማየቴ አልቀረም። አልወጣም። ሁለት ቀን ፈጀብን።